አራት ጣት በደቻቱ አሸዋ

ሰኞ

ዛሬም ሚዛን ላይ አወጡን። እንደ ሥጋ! አዲሱ የኳስ ቡድናችን አሰልጣኝ ከውጭ ተምሮ ሲመጣ ያመጣውን የሩጫ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ከሰዓቱ ሌላ የሚያምነው ጓድ የለውም። ፊሽካ፣ እንጨት መዝለል፣ ዕረፍት፣ ውሃ። ውሃ እንኳ ተፈቀደ! በድሮው አሰልጣኛችን በጋሽ ወርቁ ጊዜ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ደረቁ ወንዝ ደቻቱ ወርደን አሸዋው ላይ በባዶ እግር ነበር የምንሮጠው። መጀመሪያ ጓደኛን አዝሎ፣ ከዚያ የኋሊት። ውሃ መጉመጥመጥና መትፋት ብቻ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ አሸዋውን የሚረግጥ ተጫዋች የለም።

ናፍቆኝ ጠዋት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ብቻዬን ወረድኩ። ሰው ቀድሞኛል። የባዶ እግር ዱካ፣ ጠርዙ ገና እየተናደ። ዙሪያዬን ባይ ማንም የለም። የግራው እግር አራት ጣት ብቻ ነው።

የቡድናችንን ልጅ የአብዲን የግራ እግር ትንሿን ጣት በልጅነቱ ጋሪ ቆርጦበታል። አብዲን ደግሞ ባለፈው ዓመት ሰዎች መጥተው ከቤቱ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ወሬውም የለም።

ማክሰኞ

ዛሬም አለ። የኋሊት ሮጧል። ከቡድናችን የኋሊቱን የሚወድ አብዲ ብቻ ነበር። “አብዲ?” አልኩ፤ የገዛ ድምፄን ፈራሁት። ድልድዩ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ወደ ታች ያያል። ጫማዬን አውልቄ ዱካው እስኪጠፋ ሮጥኩበት።

ከሰዓት አሰልጣኙ ሰዓቱን አየና “ተስፋዬ፣ ትንፋሽህ ተለውጧል! ሳይንስ ማለት ይሄ ነው” አለኝ። ሳቄን ዋጥኩ።

ረቡዕ

ዱካውን አጥፍቼ ስመለስ የአብዲን እናት አዴ ሙሚናን ቀፊራ ገበያ አገኘኋቸው። ጎረቤት ወጥሮ ይዟቸው ቅዳሜ የሙት ሰደቃ ሊያወጡለት ነው። “አቦ፣ ልጄ ሞተ ብዬ ሰው ላብላ?” አሉኝ። የዱካው ነገር ምላሴ ላይ መጣ፤ መለስኩት። ብነግራቸው እልል ይላሉ፣ እልልታቸውን ቀበሌ ይሰማል። እሱ ባይሆንስ? ሁለቴ ላስለቅሳቸው?

ሐሙስ

ዱካው ዛሬ ጥልቅ ነው። ሰው አዝሎ የሮጠ። ጥንት የሚያዝለው እኔን ነበር። አሁን ማንን ነው?

አልቻልኩም፣ ሄጄ ነገርኳቸው። እልል አላሉም። ሳጥን ከፍተው የአብዲን የኳስ ጫማ አወጡ፤ ዓመቱን ሙሉ ቅባት ሲቀቡት ኖረዋል። “ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ እሾህ ይወጋዋል። ውሰድለት።” ደቻቱ ዳር ካለው ግራር ላይ በሲባጎ ሁለቴ ቋጥሬ አሰርኩት።

ዓርብ

ጎርፉ ቀደመኝ። ድሬ ላይ ጠብታ አልዘነበም፤ ከደጋ ነው የመጣው። ግንድ፣ ፍየል፣ የቤት በር ሳይቀር ያንከባልላል። ልምምድ ቀርቼ ድልድዩ ላይ ዋልኩ። ግራሩ አይታይም። ለጫማው ብሎ ወርዶ ከሆነስ? እኔ ነኛ የገደልኩት!

ቅዳሜ

ውሃው ወርዷል። አሸዋው ልስልስ ብሏል፣ አንድም ዱካ የለበትም። ግራሩ ጎብጦ ጭድና ቡትቶ ለብሷል። ጫማው የለም። ሲባጎው ግን ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለቱም ቋጠሮ ተፈቷል።

ሰደቃው አልቀረም። ቢቀር ሰው ለምን ይላላ። አዴ ሙሚና ያለቅሳሉ፣ ጎረቤቱም አብሮ። ሲባጎውን እጃቸው ውስጥ ሻጥ አደረግኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ሩዝ ሊጨምሩልኝ ጎንበስ አሉና፣ እንባቸውን ሳያቋርጡ፣ ጆሮዬ ሥር “ጎርፍ ይበጥሳል እንጂ አይፈታም” አሉኝ።

የሁለት ሰው ድርሻ ጫኑብኝ። ጥርግ አድርጌ በላሁ። አብዲ ሐሙስ ማንን አዝሎ እንደነበር ግን አሁንም አላውቅም።