ስለ ታደለች ጤነኛ መንጋጋ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ማሩ፣ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር
ወገዳ፣ ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይ ጥርስዎ ደኅና እንደ ሆነና ቆሎም ያለ ሥቃይ እንደሚቆረጥሙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበርሁት ቀለመ ወርቅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎ የታደለች አባት ነኝ። የዋሉልንን ውለታ በሕዝብ ፊት ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

፩ኛ፦ በጥቅምት የልጆቻችንን የወይራ መፋቂያ የባላገር ልማድ ነው ብለው ሰብስበው ስላቃጠሉልን እናመሰግናለን። በምትኩ ከጎንደር ይመጣል ያሉት ብሩሽ እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ መንገዳችን አስቸጋሪ ስለ ሆነ አልፈርድበትም።

፪ኛ፦ ልጆቹ ሥልጣኔን ሲጠባበቁ ጥርሳቸው ቢወይብ፣ የወየበባቸውን ከሰልፍ እያወጡ በአለንጋ ስለ ገረፉልን እጅ እንነሣለን።

፫ኛ፦ በመጋቢት ታደለች ጥርሷን አሟት ወደ ቤት ለመሄድ ብትለምንዎ፣ «የሰነፍ ጥርስ የሚያመው በሒሳብ ሰዓት ነው» አሏት። ማልቀሷን ባታቆም ዘበኛውን በአናጢ ጉጠት እንዲነቅልላት አዘዙ። ልጄ ግራዬን ነው ብትልም፣ ፊት ለፊቷ ቆመው ነበርና የእርስዎ ግራ የእሷም ግራ መስሎዎት ቀኙን አመለከቱ። ጤነኛው መንጋጋ ወጣ፤ የታመመው ቀረ። ፊቷ አብጦ ትኩሳት ቢይዛት በበቅሎ ደብረ ታቦር አደረስኋትና የሐኪም ቤቱ ድሬሰር የተበላሸውን ነቅሎ መርፌ ወግቶ አዳናት። ከቤታችን ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የእሷ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስትስቅ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። ላነጋግርዎ ብመጣ ቁጭ በል እንኳ ሳይሉኝ፣ ልጅ ናት፣ ይበቅልላታል አሉኝ። ድሬሰሩ እንደማይበቅል ነግሮኛል።

ከፋሲካ በኋላ እኛ ወላጆች ተሰብስበን ልጆቻችን መፋቂያቸውን ይዘው እንዲመጡ ተስማማን። ባለፈው ሰኞ ሁሉም ጥርሳቸውን እየፋቁ ተሰልፈው ሲጠብቁዎ፣ እኛም ከአጥሩ ውጭ ቆመን ስንመለከት፣ አለንጋዎን ይዘው ወደ ቢሮዎ በመመለስዎ ትሕትናዎን አደነቅሁ። ያን ቀን ታደለች አፏን ሳትሸፍን ሳቀች።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ፣ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ አክባሪዎ፣
ቀለመ ወርቅ አንዳርጌ

ማስታወሻ፦ ወደ መካነ ኢየሱስ ለመዛወር ማመልከትዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የዚያ ትምህርት ቤት የወላጆች ሰብሳቢ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እንግዳ እንዳይሆኑባቸው ብዬ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ አስቀድሜ ልኬላቸዋለሁ።