ማሽኑ ተጠግኗል፦ የአቶ ሮስኮ ዴልማር ቲስዴል የሕይወት ታሪክ

አቶ ሮስኮ ዴልማር ቲስዴል ከአባታቸው ከአቶ ጄሲ ቲስዴልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፊሊያ ቲስዴል፣ በሳውዝ ካሮላይና ኦሬንጅበርግ አጠገብ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1958 ተወለዱ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት በደረሰ አደጋ ስላረፉ፣ እናታቸው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ልጅና አንድ ትልቅ ድምፅ ይዘው ወደ ብሮንክስ መጡ። ሻንጣው መንገድ ላይ ጠፋ። ልጁና ድምፁ ግን ሆም ስትሪት ላይ ካለው ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ገቡ።

በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ ብለን ብንጽፍ ከእናታቸው ጋር በመዘምራኑ የነበሩት ሚስ ኧርነስቲን ፕሩት ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥተው ያርሙናል። ሂሳብ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ሆኖም በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ሰው የጣለውን ሬዲዮ ፈታትተው ሠርተዋል፤ ሲገጥሙት ሦስት ብሎን ተርፏቸው ሬዲዮው ከበፊቱ የበለጠ ይሰማ ነበር። በ1977 ከሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሥራ ተመረቁ።

ገና ተማሪ ሳሉ የቤተ ክርስቲያናችን የታቦር ሂል ባፕቲስት የድምፅ ክፍል በእጃቸው ገባ። ማይክሮፎን ይተክላሉ፣ እሁድ እሁድ አገልግሎቱን በትልቁ የሪል ቴፕ፣ በመንኮራኩር በሚጠቀለለው የድምፅ ክር፣ ይቀዳሉ፣ ሰኞ ደግሞ ታመው ከቤት ለማይወጡ ምእመናን ማሽኑን ተሸክመው ሄደው ያሰማሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያዎች ለሰፈሩ ጭፈራ ወደ መናፈሻው ይሄዱ እንደነበር ዛሬ መናገር ይቻላል፤ ሊቆጡ የሚችሉት ዲያቆናት ሁሉ ቀድመዋቸው ሄደዋልና። እነዚያ ዲያቆናት እሁድ ጠዋት ድምፅ ማጉያዎቹን ጠጋ ብለው ያሸቱ ነበር። ቢራ ከሸተተ ጸሎቱ ይረዝማል።

በ1981 የፋሲካ እሁድ ወይዘሮ ኦፊሊያ ከመዘምራኑ መሀል ወጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን፣ ሶሎ የሚባለውን፣ ዘመሩ። ያን ቀን የነበሩ ሰዎች ዛሬም ስለዚያ መዝሙር ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁለተኛ ግን አልዘመሩም። በጁን ወር ጉሮሯቸውን ኦፕሬሽን ተደረጉ፤ ድምፃቸው ለወሬና ለቁጣ ተመለሰ፣ ለመዝሙር ግን አልተመለሰም። ከዚያ ድምፅ በዓለም ላይ የተረፈው አቶ ሮስኮ የቀዱት አንድ ሪል ብቻ ነበር።

በኦገስት ወር ስድስቱ የሆም ስትሪት የሚባሉት ራፐሮች “ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል” የተባለውን ዘፈናቸውን ለመቅዳት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰቡ። አምስት ነበሩ፤ ስድስተኛው ሁልጊዜ ያረፍዳል። አዲስ ክር አልነበራቸውም። አቶ ሮስኮ ብዙ ካሰቡ በኋላ “ስለ አሥራት፣ ሦስተኛ ክፍል” የሚል ሣጥን ከመደርደሪያው አወረዱ። የፓስተሩን ስብከት ክፍል አንድና ክፍል ሁለት የሰማ ሰው ሦስተኛውን እንደማይጠይቅ እርግጠኛ ነበሩ። በላዩ ላይ የዘፈኑን ሰባት ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ ቀዱት። የቡድኑ መሪ ሌስተር ሃምፕተን ላባቸውን እየጠረጉ፣ “ሮስ፣ እዚህ ክር ላይ በፊት ምን ነበር?” አሏቸው።

“ስጡ የሚል ስብከት።”

“አሁንስ?”

“አሁን በደረጃ ውጡ ይላል።”

በማግስቱ ሰኞ አቶ ሮስኮ “ፋሲካ” የሚለውን ሣጥን ይዘው የታመሙትን ለማሰማት ሄዱ። የመጀመሪያው ቤት ሳሎን ውስጥ ክሩን ቢያስኬዱት፣ ፓስተሩ ስለ አሥራት ሦስተኛውን ክፍል ይሰብካሉ። ሁለቱ ሪሎች ሣጥን ተለዋውጠው ነበር። የለዋወጧቸውም ራሳቸው ናቸው። ዘፈኑ የተቀዳው በእናታቸው መዝሙር ላይ ነበር ማለት ነው። ያንን ስብከት እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙት፤ ያን ያህል በትኩረት የሰማው ሌላ ሰው ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። ቤት ሲገቡ እናታቸው፣ “የኔን መዝሙር አሰማሃቸው?” ብለው ጠየቁ።

“ማሽኑ ተበላሽቷል እማ።”

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘፈኑ በሸክላ ታትሞ ወጣ። አቶ ሮስኮ ማስተር የሚባለውን ዋናውን ክር ለማንም አላመኑም፤ አውቶቡስ ላይ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወሰዱት፣ ወደ ሸክላ ሲገለበጥ ማሽኑ አጠገብ ቆሙ፣ የመጨረሻው ከበሮ እንደተመታ ማሽኑን በገዛ ጣታቸው አጠፉት። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ መስማት ፈርተው ነበር። ምንም ካልተረፈ ኀዘኑ፣ የተረፈ ካለ ደግሞ ኀፍረቱ። ሕንፃው በሙሉ ሸክላውን በመስኮት ያሰማ በነበረ ጊዜ፣ ሰፈሩ ሲጨፍር፣ እሳቸው ከመጨረሻው ከበሮ በፊት ክፍሉን ጥለው ይወጡ ነበር።

እናታቸው በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ “ማሽኑ ተጠገነ?” ይላሉ። እሳቸውም “ዕቃ እየጠበቅን ነው” ይላሉ፤ ከዚያ ሄደው ከሰፈሩ ትልቁን የፋሲካ ሃም፣ ያንን የአሳማ ታፋ፣ ተሸክመውላቸው በደረጃ ይወጣሉ። እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ፋሲካ አለፈ። በሜይ 1994 ወይዘሮ ኦፊሊያ ሆስፒታል ተኝተው ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቋቸው። “ሊጠገን ነው እማ” አሉ። እናታቸውም እጃቸውን መታ መታ አድርገው፣ “አትቸኩል። እኔ እንደሆን የትም አልሄድም” አሏቸው። ሐሙስ ዕለት አረፉ።

አቶ ሮስኮ ከ1984 ጀምሮ ለሠላሳ ሁለት ዓመት የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው ወደ አንድ ሕንፃ ሲገቡ ልጆች ደረጃ ላይ ተሰልፈው እሳቸው የቀዱትን “ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል” ይዘፍኑባቸው ነበር። በ1985 ከወይዘሮ ኢራይዳ ማሬሮ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ዳርሊንና ሮዛሪያ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። የተዋወቁትም ወይዘሮ ኢራይዳ ሊፍት ውስጥ ታስረው ሳሉ ነው። አቶ ሮስኮ ለመክፈት አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ሥራው ግን የአምስት ደቂቃ ነበር። ልጃቸው ዳርሊን ይህ ይውጣ ብለው ነበር፤ ወይዘሮ ኢራይዳ ይግባ ስላሉ ገብቷል።

እናታቸው ከሞቱ በኋላ አቶ ሮስኮ የሰው ክር መሰብሰብ ጀመሩ። ስቱዲዮዎች ሲዘጉ፣ ምድር ቤቶች ውኃ ሲገባባቸው፣ የድሮ ራፐሮች ሪሎቻቸውን በገበያ ከረጢት እያመጡ ይሰጧቸው ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሪል በመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ተደረደረ፤ የወይዘሮ ኢራይዳ ልብስ አልጋ ሥር ገባ። የዚያ ዘመን ክር ሙጫው እርጥበት እየጠጣ ይጣበቃል፤ እንዳለ ቢያስኬዱት ማሽኑ ላይ ይላጥና ድምፁ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቀድሞ በለስላሳ ሙቀት ሰዓታት ሙሉ መድረቅ አለበት። አቶ ሮስኮ ይህን የሚሠሩት በፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽን ነበር። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ኢራይዳ ሳያውቁ ማንጎ ጨምረውበት፣ የዚያ ክር ባለቤት ሙዚቃው እስካሁን ማንጎ ይሸተኛል ይላሉ። ደርቆ የወጣ ክር ቶሎ መገልበጥ አለበት፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል። በእሳቸው እጅ ከጠፋ ተብሎ ከነበረ ዘፈን አሥራ ዘጠኝ ሸክላ እንደገና ታትሟል። ሃያኛውን ግን፣ የራሳቸውን ሰፈር ዘፈን፣ አይነኩትም ነበር።

በ2009 ብሩክሊን ያለ ትንሽ አሳታሚ “ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል” ከዋናው ክር እንደገና ይታተም ብሎ ጠየቀ። ሌስተር ለመኗቸው፤ ከስድስቱ አራት ቀርተው ነበርና። አቶ ሮስኮ እሺ አሉ። ክሩን አደረቁት፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሳሎን ውስጥ ማሽኑን አስነሡት፤ ዋይላን የተባለው ወጣት የድምፅ ባለሙያ መቅጃውን ይዞ ተቀመጠ። እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ አድርገው ቆሙ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ወይዘሮ ኢራይዳ ከኩሽና ባለቤታቸውን በቁልምጫ፣ “ፓፒ፣ ሩዙ ሊያር ነው፣ እጄ ዶሮ ላይ ነው” ብለው ተጣሩ። አቶ ሮስኮ ሄደው ሩዙን አማሰሉ። ዘፈኑ አለቀ። ያጠፋው ሰው የለም። አራት ሰከንድ ዝም አለ፣ ከዚያ እናታቸው ዘመሩ።

አርባ አንድ ሰከንድ ተርፎ ነበር፤ የመዝሙሩ መጨረሻ፣ ያ ሁሉም ሰው የሚያወራለት ከፍ ያለው ቦታ። አቶ ሮስኮ ማማሰያውን እንደያዙ ሳሎኑ በር ላይ ቆመው ሰሙት። ሩዙ አረረ፤ ወይዘሮ ኢራይዳም ምንም አላሉም። ይህም በትዳራቸው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ነው።

አሳታሚው አርባ አንዱ ሰከንድ ይቆረጥ አለ፤ ከዘፈኑ ጋር አይሄድም ብሎ። አቶ ሮስኮ “እናቴ ካልወጣች ማንም አይወጣም” ብለው ክሩን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሱት። ሁለት ዓመት እንዲሁ ቆየ። ሌስተር ተናደው ደወሉ።

“ሮስ፣ እኛ በየተራ እየሞትን አንተ መዝሙር ትለኛለህ?”

“ና ስማው፣ ከዚያ ቁረጥ ካልከኝ እቆርጠዋለሁ።”

ሌስተር መጡ። ሰሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ስልኩን አንሥተው ለአሳታሚው “የቡድኑ ስድስተኛ ሰው መጥታለች፤ እንደ ልማዱ አርፍዳ ነው” አሉት። በ2011 ሸክላው እንዳለ ወጣ። ጀርባው ላይ ከራፐሮቹ ስም ቀጥሎ “ሶሎ፦ ኦፊሊያ ቲስዴል” የሚል አለ።

በዚያው ዓመት ፋሲካ አቶ ሮስኮ ሸክላውን ይዘው እግራቸውን ታመው ቤት ወደዋሉት ወደ ሚስ ኧርነስቲን ሄዱ፤ ከእናታቸው ጋር የዘመሩ እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። “ማሽኑ ተጠግኗል” አሏቸው። አሰሟቸው። ከዚያም ሠላሳ ዓመት የያዙትን ጥፋት ተናዘዙ። ሚስ ኧርነስቲን ሳቁ።

“አንተ ልጅ፣ እናትህ እኮ በሳምንቱ አውቃለች። ምድር ቤት ወርዳ ሁለቱንም ሣጥን ከፍታለች። ጫፉ ላይ የቀረውንም ሰምታዋለች። እኛን ‘ዝም በሉት፣ ትንሽ ያልበው’ አለችን።”

“አሥራ ሦስት ዓመት ሃም ተሸክሜ በደረጃ ስወጣ ዝም አላችሁ?”

“ሃሙ ጥሩ ነበር። ዘፈኑንም ትወደው ነበር። ያ ሊፍት በቆመ ቁጥር በዚያች በተሰበረች ድምጿ እሱን እያንጎራጎረች ነው አሥራ አንደኛ ፎቅ የምትወጣው።”

አቶ ሮስኮ ቤት ሲገቡ ለግማሽ ቀን ተቆጥተው፣ ለቀሪው ሕይወታቸው ቀለል ብሏቸው ኖሩ።

ከ2020 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይወስዱ ነበር። የእጥበት ማሽኑ ሲጮኽ ነርሶቹ ከመምጣታቸው በፊት የቱ ቱቦ እንደታጠፈ ይነግሯቸው ነበር። ማርች 9 ቀን 2024 በስልሳ አምስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ባሉበት አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢራይዳ፣ ልጆቻቸው ዳርሊንና ሮዛሪያ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ ወንድማቸው ያህል የሆኑት ሌስተር፣ እንዲሁም ሁላችንም ቀድመናቸው የምንሄድ የሚመስሉት ሚስ ኧርነስቲን ከኋላቸው ቀርተዋል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ሪሎች ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። ክሩን የሚፈልግ ሰው እጁን ታጥቦ ይምጣ።

አሁን ሸክላው ይሰማል። ሰባት ደቂቃ ነው፤ መጨፈር የፈለገ ይጨፍር፣ ፓስተራችን ፈቅደዋል። የመጨረሻው ከበሮ ሲመታ ግን አታጨብጭቡ፣ ኮትም አታንሡ። አራት ሰከንድ ዝም ይላል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ አቶ ሮስኮ ሠላሳ ዓመት ኖረውበታል፣ እናንተ አራት ሰከንድ ታገሡ። ዛሬ ማጥፊያው ላይ የማንም ጣት የለም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸው ጎን ያሳርፍ። የሚገቡበት ፎቅ ስንተኛም ቢሆን፣ ሊፍቱ ይሥራላቸው።