ኖፓ ላይ ያልበራው ውኃ

ማህዱዬ፣
ከኖፓ ነው የምጽፍልሽ፤ ደስታዬ ከዚህች ፖስት ካርድ በላይ ሆኖብኛል። ወርቅ አጣቢዎች ከምንጩ በላይ ሜርኩሪ ለቀዋል ተብሎ ስለተወራ፣ እዚህ ሰው ምንጩን ትቶ ከሩቅ ሲቀዳ ከርሟል። እኔም ያን አብረን የቀመምነውን፣ ሜርኩሪ ሲያገኝ የሚያበራ ጠብታ ይዤ መጣሁ። ምርመራው ጨለማ ስለሚፈልግ ባለሱቁ ጋሼ ረድዋን መጋዘናቸውን ለቀቁልን። መጀመሪያ ሜርኩሪ ያለበት ናሙና ላይ ጠብታውን ጨምሬ በአልትራቫዮሌት መብራቷ ለተሰበሰበው ሰው ሳሳይ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ፤ ሁሉም ደነገጡ። ቀጥሎ የምንጩን ውኃ እንደዚያው አድርጌ አቀረብኩ። ጭል እንኳ አላለም!
«ምነው ዝም አለ?» አሉ ምንጩ አጠገብ የሚኖሩት እትዬ ጥሩአየሁ።
«ሜርኩሪ የለበትማ!» ስላቸው «ቢሻን ኬኛ! ውኃችን!» እያሉ እልልታውን አቀለጡት። እኛ አራት ኪሎ ላብራቶሪ ውስጥ ሲበራልን ነበር የምናጨበጭበው፤ እዚህ ሳይበራ ተጨፈረ! የቀረውን ምርመራ ጤና ጣቢያው ቀድሞ ጨርሶት ስለነበር፣ ወዲያው ምንጩ ጋ ስንወርድ እትዬ በጣሳ ቀድተው እኔን አስቀደሙኝ። እንዴት ይቀዘቅዛል መሰለሽ!
ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ናትናኤልን ናፍቀኸኛል በይልኝ። እዚህ ጥግ ላይ ቀለሙን ያፈዘዘው ከጣሳው የተንጠባጠበ የኖፓ ውኃ ነው፤ ለአንቺም ይድረስሽ ብዬ አልጠረግሁትም።
ነፃነት