ሁለቱ የወርዶፋ ልጆች

ማክሰኞ፣ የካቲት 2/91

ዛሬም ጣቴ ከዐይኔ ቀደመ። ሄለን ቀስ ይበሉ እትዬ አስካለ ትለኛለች። ዕድሜዬን ታይፕ ስመታ የኖርኩ ሰው ቀስ ማለት ከየት ይምጣልኝ። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ኩሩ ነው። አንዲት ነጥብ ከጎደለችው ዝም።

ደብተሬ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ቁርጡን ተናግረዋል። ታይፕ ቤቱ የሳቸው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ታይፕ የለም አሉ። የመካኒሳና የለቡ ነጋዴዎች ማኅበር የአባላቱ ስልክ በኢንተርኔት ገጽ እንዲወጣለት ሥራውን ለሳቸው ሰጥቷል። ገጹን ሠርቼ ካሳየኋቸው ኮምፒዩተሩ ላይ እቀመጣለሁ። ካልሆነልኝ ስንብት። ሄለንን የቀጠሩልኝ ለዚህ ነው። ልጄ የምትሆን መምህር።

የዛሬው ትምህርት ቁልፍ። ስሙ ቁልፍ ነው፣ ስልኩ ቁልፉ የሚከፍተው። ስሙን ስትሰጪው ስልኩን ይሰጥሻል። ሃሽ ይሉታል። ገባኝ። ለድግስ ዕቃ ስንዋዋስ ድስቱ ቂጥ ላይ በቀለም ምልክት እናደርግ የለ? ቀይ ያለበት ወደነ እማማ ዘውዴ፣ ሰማያዊው ወደኛ። ሄለን ሳቀች። ድስት ያለበት የኮምፒዩተር መጽሐፍ አላየሁም አለች። የጻፉት ወንዶች ስለሆኑ ነዋ አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 4

ፓተርን። ስሙን በሙሉ ባታውቂው እንኳ በመልኩ ትፈልጊዋለሽ። ለቡ የሰው ቤት ስንጠይቅ የምንለው ነው። ሰማያዊ በር ያለው፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ። የቤት ቁጥር ማን ያውቃል። ነጥብ ማለት የፈለገው ፊደል ይሁን፣ ኮከብ ማለት የፈለገው ያህል ይደጋገም።

እኔ ነጥብና ኮከብ ብቻ ጻፍኩና ጫንኩት። ያለው ነጋዴ በሙሉ ተግተልትሎ መጣ። ሰው ፈልጌ ሰፈሩን ጠራሁ።

ማታ ወረቀቴ ኮከብ በኮከብ ሆኖ ታደሰ አየው። ኮከብ ቆጣሪ ሆንሽ እንዴ አስኩ፣ የኔን ዕድል እስቲ እይልኝ አለ። ባልሽ ሳይበላ ያድራል ይላል አልኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 8

ጾም ገባ። ሄለን ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። መጽሐፏን ትታልኛለች፣ እንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት አጠገቤ፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ። ደህና እየሄድኩ ነው።

የመጽሐፉ ምሳሌ ላይ ቁልፉ የሰውየው የመጨረሻ ስም ነው። የኛ የመጨረሻ ስም የአባት ነው። እንደ መጽሐፉ አደረግሁ። ሙሉ ስም ሲገባለት የአባቱን ነጥሎ የሚወስድ ፓተርን ራሴ ጻፍኩ። ራሴ! ጥቂት ስሞች ሞከርኩ፣ ስልኩ ከች። ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። ሄለን እስክትመጣ አላስችል ብሎኝ ደርሷል ብዬ ለጋሽ ሙ. ተናገርኩ። ሐሙስ አየዋለሁ አሉ።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

ዋልኩ አልልም።

ጋሽ ሙ. ወንበር ስበው ተቀመጡ። የማንን ልፈልግ አሉ። ደስ እንዲላቸው የራስዎን አልኩ። ሙሉጌታ ወርዶፋ ብለው ጻፉ። የፍቃዱ ወርዶፋ ስልክ ወጣ።

ፍቃዱ ታናሽ ወንድማቸው ነው፣ ለቡ ቀለም ይሸጣል። በአባታቸው ግቢ ውርስ ተጣልተው፣ ከተዝካሩ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። መካኒሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። የኔ ስም የት ሄደ አሉ፣ ዝቅ አድርገው። ባርኔጣቸውን አነሱ። እስከ ሰኞ አስተካክይ ብለው ወጡ።

ሄለን መጥታ አየችው። ቁልፉ አንድ፣ ልጆቹ ሁለት። ኋላ የገባው የፊተኛውን አስወጥቶ ይቀመጣል። የሁለት ቤት ድስት ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁ ማለት ነው። የወርዶፋ ልጆች ብቻ አይደሉም፣ የአባት ስም ከሚጋሩት ሁሉ በየስሙ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ይህን ለመርሳት አንድ መጽሐፍ በቃኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን፣ ቤት ዋልኩ። ወረቀት ላይ እንደገና ሠራሁት። ቁልፉ ስም ከነአባት። ታደሰ አይዞሽ፣ ካልሆነ ሱቅ እንከፍታለን ይላል። እሱ ሱቅ የሚለው በር ላይ የተቀመጠ የለስላሳ ሣጥን ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 15

ሠራ። ስማቸውን ጻፉ፣ የራሳቸው ስልክ ወጣ። ጎሽ አሉ። ከዚያ ማን እንዳዘዛቸው እንጃ፣ ወርዶፋ ብቻ ብለው ጻፉ። አዲሱ ፓተርኔ የአባቱ ስም ወርዶፋ የሆነውን ሁሉ ያመጣል። ሙሉጌታ፣ ከሥሩ ፍቃዱ።

ጣታቸውን ከላይኛው ስም ወደ ታችኛው አወረዱ።

ወንበሩ ያንቺ ነው አሉኝ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። በሩ ጋ ደርሰው ዞሩና፣ የታችኛውን አጥፊው አሉ። ጋሼ፣ እሱም እኮ የማኅበሩ አባል ነው አልኩ። ወንበሩን የፈለግሽ መስሎኝ ነበር አሉ። ነገ ስገባ እንዳላየው ብለው ወጡ።

ሄለንን ጠየቅኋት። አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው አለች። ከማስገባት ማጥፋት ይቀላል።

ማታ ታደሰ፣ ምን ቸገረሽ፣ ሰርዢው አለ። ማሽን ውስጥ ያለ ስም ነው፣ ሰውየውን አልገደልሽ፤ ሲታረቁ ትመልሺዋለሽ። እሱም እውነቱን ነው። ቤት ኪራዩን የሚያስበው እሱ ነው። ግን ቀለም ፈልጎ ገጹን የከፈተ ሰው ፍቃዱን ካጣው፣ ሱቁን ዘግቷል ብሎ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። የፍቃዱም ቤት ልጆች አሉ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 16፣ ጠዋት

ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ በቀጥታ ቢሮ። ማንም አልገባም። ትዕዛዙን ጻፍኩት፣ የፍቃዱን ስም ከነአባቱ። መጫን ብቻ ቀረ። እጄን አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሳላውቅ ጋሽ ሙሉጌታን ከገጹ አስወጥቻቸው ነበር። የኔ ስም የት ሄደ ሲሉ ፊታቸውን አይቻለሁ። ያንን አሁን አውቄ በፍቃዱ ላይ ልደግመው ነው?

የጻፍኩትን ትዕዛዝ አጠፋሁት። ፍቃዱ እዚያው አለ።

እንዲህ እላቸዋለሁ። ጋሼ፣ ትዕዛዙን አሳይዎታለሁ፣ በገዛ ጣትዎ ጽፈው ይጫኑት። በኔ ጣት ግን አይሆንም። ወንበሩ ከቀረም ይቅር። ሳልቆጣ ነው የምላቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም።

መኪናቸው ቆመ። በሩ ላይ ጫማቸውን እየጠረጉ ነው። ደብተሬ፣ ልነሳላቸውና ልንገራቸው።