ለእኔ ብለህ ያስቀመጥከው ራጅ

ውድ አባዬ፣

ካለፍክ ሰባት ወር ሆነ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ደኅንነት ጠይቆ ይጀምራል፤ እኔ ግን ተናድጄብሃለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ተናድጄ ነው የከረምኩት። በሞተ ሰው እንዲህ አይባልም እያሉ ዝም ስላሰኙኝ፣ ለራስህ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እንሴኖ ያለውን ሱቅ ከድር ይዞታል። ወንድሜ እንደ አንተ በርበሬውን በእጁ አሽቶ ዋጋ መቁረጥ ገና አልለመደም፤ ገበሬዎቹ ያሾፉበታል። እማዬ ጆንያዎቹን በሙሉ ከቤት አስወጥታለች፤ የገደለህ የበርበሬው ብናኝ ይመስላታል። እኔ የሙያ ፈቃዴን አግኝቼ ቡታጅራ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ገብቻለሁ። ፈቃዱን እማዬ በፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላው ነበር፤ አውርጄ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ተጣላን። እሷ አለቀሰች፣ እኔም አላባበልኳትም።

ያን ወረቀት ለምን ማየት እንደማልችል ታውቃለህ። አንተ ሐሙስ ሞተህ በዚያው ዕለት ተቀበርክ። እኔ ቅዳሜ ወልቂጤ ላይ ለፈቃዱ ፈተና ተቀመጥኩ። አርብ ስልክህ ላይ ስደውል ከድር አንስቶ ተኝቷል አለኝ። ተኝቷል! ፈተናው ቀሎኝ ደስ ብሎኝ ስወጣ፣ አጎቴና ከድር በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ልጅ ተፈተነች ብሎ ከእንሴኖ ወልቂጤ ድረስ ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። መርዶውን ሳይነግሩኝ ገባኝ።

ከድርን በጥፊ ልለው ነበር። ኋላ ግን ትእዛዙ የአንተ እንደሆነ ነገሩኝ። እስክትፈተን ድረስ መታመሜን እንዳትሰማ፣ ብሞትም እንዳትነግሯት ብለህ ሁሉንም አስምለሃቸው ነበር። ማን ጠየቀህ? ፈተና ተመልሶ ይሰጣል እኮ አባዬ። ብቀር በሚቀጥለው እቀመጥ ነበር። እጅህን ይዤ አጠገብህ መቀመጥ ይገባኝ ነበር፤ እሱን ከለከልከኝ።

እሺ፣ ይሄም ይቅር። ከሁሉ የባሰብኝ ራጁ ነው።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን እማዬ ከፍራሽህ ሥር አንድ ትልቅ ፖስታ አውጥታ ሰጠችኝ። ከመሞትህ ሦስት ሳምንት በፊት ቡታጅራ ሄደህ የደረት ራጅ ተነስተህ ኖሯል። ፊልሙን ሰጥተው ቶሎ ለሐኪሙ አሳይ ብለውሃል። አንተ ግን በብብትህ ይዘኸው ቤት ገባህ። እማዬ ለምን ብትልህ፣ «ይህንኑ ያስተማርኳት ልጄ እያለች ለማን ነው የማሳየው? ፈተናዋን ትጨርስና ታየዋለች» አልካት።

ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ? እኔ አነሳለሁ እንጂ አላነብም፤ ማንበብ የሐኪም ሥራ ነው። ገበያ መሃል ዶክተር እያልክ ስትጠራኝ፣ ልጄ የሰው ሆድ ዕቃ ቁልጭ አድርጋ ታያለች እያልክ ስታወራ፣ መጀመሪያ አረምኩህ። ኋላ ሰለቸኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ጀመር። በራሴም የምናደደው ለዚህ ነው።

ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። የቀኝ ሳንባህ ከግማሽ በታች ነጭ ሆኗል። ይህን አይቶ ለመደንገጥ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ሮጦ ሐኪም ይጠራል። በኋላ ለሐኪም አሳየሁት። ውሃ ቋጥሯል፣ ያኔውኑ ቢመጣ ውሃው ተቀድቶለት መነሻው ተፈልጎ ይታከም ነበር አለኝ። አመስግኜው ወጣሁና መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት።

ክረምት ለእረፍት ስመጣ የሆነው ትዝ ይልሃል? ልለማመድብህ ብዬ ሱቁ ውስጥ ደረትህን ከግድግዳው አስጠጋሁ። አገጭህን ቀና፣ እጆችህን ወገብህ ላይ፣ ትከሻህን ወደ ፊት አደረግሁና ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ አልኩህ። ጉንጭህን ነፍተህ፣ ሳቅህን እየታገልክ ያዝክ። ከዚያ ሳሉ መጣና አልለቅህ አለ። በርበሬው ነው አልክ። እኔም በርበሬው ነው አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ!

ሰዉ ለልጁ ሲል ነው፣ ምን ዓይነት አባት ነበር ይለኛል። እኔ ለእኔ ሲባል ማንም እንዲሞትልኝ አልለመንኩም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ከገጠር መጥተው ራጅ አነሳኋቸው። የቅርብ ሰው ስልክ ስጡኝ ስላቸው፣ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ እሷም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ስለሆነች እንዳትሰማ አሉኝ። ጮህኩባቸው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮህኩባቸው። አለቃዬ በኋላ ጠርቶ ገሰጸኝ፤ ልክ ነው፣ በታማሚ ላይ አይጮኽም።

ሽማግሌው ግን አልተቀየሙኝም። ትኩር ብለው አዩኝና የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። የሽኩር ልጅ ነኝ፣ የእንሴኖው በርበሬ ነጋዴ፤ ሞቷል አልኳቸው። ካለፍክ ወዲህ ስምህን ጮክ ብዬ ስጠራ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። አላህ ይዘንለት፣ ምን አገኘው አሉ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ቁጥሩ አይታየኝም፣ አንቺው ደውዪላት አሉኝ። ደወልኩላት። ፊልሙንም ይዤላቸው ሐኪሙ በር ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።

አባዬ፣ ንዴቴ መቼ እንደሚበርድ አላውቅም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ግን የማን ልጅ ነሽ ላለኝ ሁሉ ስምህን ቀና ብዬ እጠራለሁ። ምን ሆኖ ሞተ ካሉኝ አልደብቅልህም።

ልጅህ፣ ሰሚራ