የመርማሪዋ መጨረሻ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሳቢራ። አሰላሙ ዓለይኩም፤ የቺካጎ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

የላክሽልኝ ቴሌቪዥን ሳሎኑን ሞላው፤ አላህ ይስጥልኝ። ተማሪ ሳለሽ አብረን ማየት የጀመርነው የወንጀል ድራማ ዘንድሮ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው። ሃቫና ስትሪት ላይ ባለው የሪሃብ ልብስ ስፌት ቤት ሌላ ወሬ የለም። ሪሃብ፣ መርማሪዋ በጥይት ትሞታለች ባይ ናት። አብራት የምትሰፋው ውባየሁ ደግሞ፣ "የገዛ ባልደረባዋ ነው አሳልፎ የሚሰጣት" ብላ ትከራከራለች። እኔን ሲጠይቁኝ፣ "ጡረታ ወጥታ እናቷ ቤት ትገባለች" አልኳቸው።

"እትዬ ዘይቱና፣ እሱማ ግምት አይደለም፤ ዱዓ ነው!" ብላ ሪሃብ መርፌዋ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

መጽሐፍ ስጀምር የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሜ እንደማነብ ታውቂያለሽ። አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በዚህ ይቀልድብኝ ነበር። ፖሊስ እሆናለሁ ያልሽ ቀን እሱ እንቢ ሲል፣ "ተዋት፣ የልቧን ትሥራ" ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በዩኒፎርም የተነሳሽውን ፎቶ ያየ ሁሉ ያደንቅሻል።

ከሥራ በወጣሽ ቁጥር በስልክ ስለምትልኪልኝ ቀይ ልብ አመሰግንሻለሁ። እሱን ካየሁ በኋላ ነው እህል የምቀምሰው። ከማክሰኞ ወዲህ አልደረሰኝም። ሥራ ላይ ሳለሽ ሲደወልልሽ ስለማትወጂ ይህን ጻፍኩ። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ለሪሃብ ሰጠኋት። ከፍታ ዘጋችውና፣ "ምንም አልሆነም፣ ደህና ይሠራል" አለችኝ።

ሰላምሽን ያሰማኝ፣ ልጄ።

እናትሽ ዘይቱና
ኦሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት