ሁለት ጆንያ ድንች

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5
ዛሬም ሜሩ ላይ ደመና። ሙትዊሪ የአውሮፕላናችንን ታንክ ሞላ። ማታ ክንፉ ላይ ወጥቼ በዱላ ለካሁት፤ እስከ አፉ ነው። የነዳጅ መለኪያው እንደሆነ ከገዛናት ጀምሮ ውሸታም ነው፣ ማንም አያምነው። ነገ ማማን፣ የሙትዊሪን እናት፣ ናይሮቢ አደርሳለሁ። የእህቴ ባል እናት የኔም እናት አይደሉ?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7
ትናንት ከሞት ተረፍን። መንገዱን ደመና ስለዘጋብኝ ከፊታችን ያለውን ትልቁን ተራራ በናንዩኪ ከተማ በኩል ዞርኩት። ሩቅ ነው፣ ግን ታንኬ ሙሉ ነው ብዬ። መለኪያው ባዶ ሲል ሳቅሁበት! ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ጸጥ። ስንዴ ማሳ ላይ ጣልኳት። ከኋላ የተጫነው የድንች ጆንያ ተንከባሎ የማማን እግር ሰበረው። ሁለት ጆንያ! ጠዋት ሙትዊሪ ሲጭን "አይከብድም?" ስለው "አስልቼዋለሁ" ብሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8
ሙትዊሪ ለአገር ምድሩ "ሞተሩ ሞተ" እያለ ያወራል። አልሞተም! በረሃብ ነው የቆመው። የአውሮፕላን አደጋ መርማሪው ታንኩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ጠብታ የለም፣ የሚያፈስ ቀዳዳም የለም።
"ጠዋት ሳትለኪ ነው የተነሳሽው?"
ዝናብ ነበር፣ ማታ ለክቼዋለሁ... ይሄ መልስ ነው? ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው። ለሙትዊሪ ደወልኩ።
"ነዳጁ የት ገባ?"
"እኔ ምን አውቃለሁ? ሌባ ይሆናላ። አብራሪዋ አንቺ ነሽ።"
ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10
ሆስፒታል። ሙትዊሪና እህቴ ካቱሬም ነበሩ። ማማ እጄን ያዙኝ።
"አይ ልጄ፣ ነዳጁ አነሰሽ አይደል? እኔማ ይበቃታል ወይ ብዬው ነበር።"
"የቱ ነዳጅ፣ ማማ?"
"አንቺ ሻይ ልትጠጪ ስትሄጂ ነዋ። በጎማ እየሳበ በጄሪካን ሲቀዳው። 'ድንቹ እንዲጫን ነዳጁ ይቀነስ፣ ለናይሮቢ አያንሳትም' አለኝ። የነገረሽ መስሎኝ..."
ሙትዊሪ ጫማውን ያያል። አንቄ ብገድለው ደስ ባለኝ!
ካቱሬ ጎተተችኝ። "ካጌንዶ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ ለመርማሪው እንዳትናገሪ።"
"እሷ ምን አደከማት፣ እኔ እነግረዋለሁ" አሉ ማማ። "እግሬን የሰበረኝ የገዛ ድንቼ ነው። ለማን ብዬ ነው የምዋሸው?"

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11
ማማ ነገሩት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28
ሁለታችንም ጥፋተኞች ተባልን። እኔ ሦስት ወር አልበርም። እናደዳለሁ፣ ግን ይገባኛል። የምለካበት ዱላ ያን ጠዋት ከመቀመጫዬ ስር ነበር።
ከሰዓት ሙትዊሪ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ይቅርታ ማለት አይሆንለትም። "ማማ ልካልሽ ነው" አለ። ድንች! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።
"ሙሉ ነው" አለኝ።
በሩ ላይ አቁሜ የጆንያውን አፍ አስፈታሁት። ከዚያ እጄን እስከ ታች ድረስ አስገባሁ።